የኢድሪስ ፊት በቡሪ ግድግዳ ላይ

የአክሪሊክ ቀለም ባልዲ ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርጋል፣ በረኪና የነካው እርጥብ ኖራ የመሰለ ነገር ነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥ የቀለም ሱቅ ተቀጥሬ ስለምሠራ ይህን ሽታ በቀን ስንቴ እንደማሸተው እንጃ፤ ደንበኛው «ይሄ ለውስጥ ነው ለውጭ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ ይመልስለታል እንጂ ልቤ እዚያ የለም፣ ካርቱም ነው፣ ቡሪ ነው፣ በጭቃ የተመረገው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ አባዬ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ እማዬ ልብስ ስትተኩስ ውኃ የምትረጭበትን ጠርሙስ ደብቆባት፣ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳይደርቅበት ፍስስ እያደረገ ሲሽቀዳደም አየዋለሁ።

አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ሙያውን የተማረው ጎጃም ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ መምህር ዘንድ ሲሆን፣ እሳቸው አፈርና ድንጋይ አስፈጭተው፣ በእንቁላል አስኳልና በሙጫ አስለውሰው፣ ቀለሙን ለማዘጋጀት ብቻ ተማሪውን ሳምንት የሚያለፉ ሰው ነበሩ። ካርቱም የመጣው እኔ ሳልወለድ፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠርቶ ሊመለስ ነበር፤ ግን ሥራ ሥራን እየሳበ፣ እማዬንም እዚያው አግኝቶ፣ በዚያው ቀረ። በሥራ ቀን ወንዙን ተሻግሮ ባሕሪ የሚባለው ከተማ ድረስ እየሄደ የሱቅ ማስታወቂያ ይሥል ነበር፣ ለዶሮ ሻጩ ዶሮ፣ ለጥርስ ሐኪሙ የሚስቅ ጥርስ፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ለቅዱሳኑ ይሰጥ ነበር። አቡጀዲውን ግቢ ውስጥ ወጥሮ ይሥላል፣ ሲጨርስ ጠቅልሎ ወስዶ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በኮላ ይለጥፈዋል።

መምህሩ አክሪሊክን መጀመሪያ ያዩ ቀን «ይሄ ላስቲክ ነው፣ ቅዱሳንን ላስቲክ አታልብሳቸው» ብለውት ነበር አሉ። አባዬ ይህን ሲያወራ ይስቅና «ላስቲክ መሆኑንማ ላስቲክ ነው» ይል ነበር፤ «ግን ለስደተኛ የተፈጠረ ቀለም ነው። በውኃ ይቀጥናል፣ በውኃ ይታጠባል፣ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ቢሄድ አይሰነጠቅም። የዘይት ቀለም አገሩ የተቀመጠ ሰው ይሣልበት፣ እሱ እስኪደርቅ የሚጠብቅበት ቤት አለው።» አንድ ክፋቱን ብቻ ይነግረን ነበር። የዘይት ቀለም ብትሳሳት በጨርቅ ትጠርገዋለህ፤ አክሪሊክ ግን አንዴ ከያዘ ያዘ ነው፣ በላዩ ትደርብበታለህ እንጂ አታጠፋውም። በካርቱም ሙቀት ደግሞ አንድ ጊዜ አስነጥሰህ ስትመለስ ደርቆ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ትልልቁን ሥራ ለብርዱ ወራት ያቆየው ነበር።

በእነዚያ ወራት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ እያንጎራጎረ ይሠራ ነበር። እኔ ከብርድ ልብሴ ወጥቼ አጠገቡ እቀመጥና ፊቶቹ ከአቡጀዲው ሲወጡ አያለሁ። ዓይን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፤ ዓይን የሌለው መልአክ ግቢያችን ውስጥ ቀናት ቆሞ ሊከርም ይችላል፣ እማዬም ልብስ ስታሰጣ «አንተዬ፣ ይሄን ሰው ቶሎ አብራለት እንጂ፣ ያስፈራኛል» ትለዋለች። ሌላው ሕግ ደግሞ ይህ ነበር፦ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ገራፊና ገዳይ በጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ ያሳያሉ። አባዬ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሙያው ቀልድ እንደሌለ እያሳወቀኝ ነበር። እኔም አመንኩት፣ ከመጠን በላይ አመንኩት፤ ትምህርት ቤት ፎቶ ሲያነሱን አንገቴን ቀጥ አድርጌ ሁለቱንም ዓይኖቼን አፈጥ ነበር፣ በጎን የሚቆመውን ልጅ ሁሉ በልቤ ከአራጆቹ ጋር እመድበው ነበር።

ኻልቲ ሰዕዲያ በእኛ ቀጭን መንገድ አፍ ላይ ጠዋት ጠዋት ጣዕሚያ፣ ያንን የባቄላ ጥብስ፣ እየጠበሰች የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው፤ ዐረብኛ አንቱታ የለውምና እኛ እዚያ ያደግን ልጆች በአማርኛም ስናወራ አንቺ እያልናት ቀረን፣ እማዬ መጀመሪያ ትቆጣን ነበር፣ ኋላ ራሷም ለመደችው። ኢድሪስ አንድ ልጇ ነበር። ገና ልጅ ሳለ ባሕሪ አንድ በያጅ ዘንድ ሥራ ሲለማመድ የብረት ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን አግኝቶት፣ በላዩ ላይ ነጭ ነገር፣ ወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት ያለ፣ ጋርዶበት ቀርቷል። ቁመናው ያማረ ልጅ ስለነበር ነገሩ ያበሳጨው ነበር፤ ከሰው ጋር ሲያወራ ቀኝ ጎኑን ይሰጣል፣ ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ውስጥ ሲገባ ዳር በግራ በኩል ካልተቀመጠ አይሄድም፣ ፎቶ ሲያነሱት ፊቱን ዞር ያደርጋል። በእኔ ሕግ ከክፉዎቹ ወገን መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን የእማዬን የጋዝ ሲሊንደር ከመንገድ እስከ ማድቤት ተሸክሞ የሚያስገባልን፣ ለእኔም ከእናቱ መጥበሻ አንድ ትኩስ ጣዕሚያ ሰርቆ የሚያቀብለኝ እሱ ስለነበር ሕጌ እሱ ላይ ተበላሸብኝ።

ዳቦና ቤንዚን ጠፍቶ የተቃውሞ ሰልፉ የጀመረው በብርዱ ወራት ነው። እነሱ መውኪብ ይሉታል። ቡሪ ከሁሉ ሰፈር የባሰች ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ከየደጁ እልል ሲሉ ሰልፉ ይነሳል፣ ወዲያው ቡምባን የሚሉት የሚያስለቅስ ጭስ በግቢያችን አጥር ላይ ይመጣል፣ እማዬ እርጥብ ፎጣ በየመስኮቱ ስንጥቅ ትወትፋለች። እኛ ሐበሾች በራችንን ዘግተን እንቀመጥ ነበር። የሰው አገር ነው፣ የአባዬም ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ጊዜው አልፎበት ነበር። ኢድሪስ ግን በየሰልፉ ፊት ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ተኩስ ሰማን፣ ሲመሽ ከኻልቲ ሰዕዲያ ቤት ዋይታ ሰማን፣ እማዬ ነጠላዋን ጎትታ ስትወጣ አባዬም ተከተላት። በማግስቱ ቡሪ በሙሉ አስከሬኑን በትከሻው ተቀባብሎ ቀበረው፣ አባዬም ለቅሶው ድንኳን ገብቶ፣ እንደነሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ እንደነሱ ፊቱን አብሶ ተመለሰ። ያን ሳምንት ብሩሽ አልነካም።

ሐሩሩ ሲገባ መንግሥት ወረደ። ወጣቱ በጦር ሠራዊቱ መሥሪያ ቤት ዙሪያ ሰፍሮ አልነሳም ባለበት ጊዜ፣ አባዬ አመሻሹ ላይ እጄን ይዞ ወስዶኝ ያውቃል። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነበር፣ የሞቱት ልጆች ፊት፣ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ ቶብ፣ ሴቶቹ የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ የለበሰች ሴት። አባዬ ንግግር አይሰማም፣ ዘፈን አይሰማም፣ ከፊት ወደ ፊት እየሄደ ቅቡን ይነካካል። «አፍንጫ መሣል የሚችል አንድ ልጅ የለም እዚህ» አለኝና ትንሽ ቆይቶ «ግን አየሽ፣ ሁሉም አክሪሊክ ነው። በዘይት ቀለም ቢሆን ሳይደርቅ ወታደር ይደርስበት ነበር» አለ። መምህሩን እያሰበ እንደነበር ገባኝ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኻልቲ ሰዕዲያ የሰፈሩን ልጆች አስከትላ መጣች፤ ልጆቹ ነጭና ጥቁር ቀለም በባልዲ ይዘዋል፣ እሷ ስልኳን ይዛለች። ከልጇ የቀራት ፎቶ አንድ ነበር፣ ድልድይ ላይ ቆሞ፣ ቀኝ ጎኑን ሰጥቶ፣ ዓባይን ሲያይ። «ያ ረሳም» አለችው፣ ረሳም ሠዓሊ ማለት ነው፣ ሰፈሩ የሚጠራው በዚያ ነበር፤ «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ጠዋት ስነሳ አገኘዋለሁ፣ ዘይቱ ሲግል ይጠፋብኛል። እሱ የሚወደው ይሄንን ፎቶ ነው፣ ልክ እንዲህ አድርገህ ከመጥበሻዬ ፊት ለፊት ሣልልኝ፣ እንዳልረሳው።» አባዬ ስልኩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየውና «ኢንሻላህ» አላት። እንዲህ አደርጋለሁም፣ እንዲህ አላደርግምም አላላትም።

ማታ እራት ላይ ከእማዬ ጋር ተጨቃጨቁ። «በጎን አልሥለውም» አለ አባዬ። «ይህን ልጅ ከይሁዳ ጋር አላሰልፈውም።»

«እነሱ ይሁዳን የት ያውቁታል?» አለች እማዬ፤ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የሰው ቤት ስትሠራ ውላ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር። «ሴትዮዋ እንዳለችህ ሣልላት። ቀድሞ ነገር አንተ ወረቀት የሌለህ ሰው፣ የነሱን ሰማዕት መንገድ ላይ ስትሥል ቢይዙህ ማን ይጠይቅሃል? እኔ ነኝ ይህችን ልጅ ይዤ የምንከራተት።»

«እኔ አውቀዋለሁ አይደል?» አለ አባዬ። «እነሱ ባያውቁ እኔ እያወቅሁ እንዴት አድርጌ ልሣለው?»

እማዬ እግሯን አደረቀችና «እንግዲያው ደግሞ እንደ ቅዱሳኑ የብርሃን አክሊል እንዳታደርግለት» አለችው። ያ ፈቃዷ ነበር።

ግድግዳው ኖራ የተቀባ ሸካራ ግድግዳ ነበር። አባዬ ልጦ፣ አጥቦ፣ ሁለት ጊዜ ነጭ አልብሶ፣ ፀሐይ እንዳይቀድመው ከላይ እስከ መሬት አንሶላ በገመድ ወጠረበት፤ በዚያ ምክንያት ሥዕሉን ከእሱ በቀር ያየው የለም። ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ ፀሐይ ስትበረታ ያቆማል። ሰውነቱን ከፎቶው ወሰደ፣ ያንን ሸሚዝ፣ ያንን አንገት፤ ፊቱን ግን ወደኛ አዞረው። ዓይኑን መጨረሻ ላይ ሠራለት፣ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች፣ ነጫቸው የጠራ፣ ለቅዱሳኑ እንደሚሰጣቸው ዓይነት። በዚህ ዓለም የነበረው የታመመ ዓይን ሳይሆን በወዲያኛው ዓለም የሚኖረው ዓይን ነው መሣል ያለበት፤ እንደዚያ ነው የተማረው፣ ስጦታም ነው ብሎ ያሰበው። አንሶላው ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች አጨበጨቡ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔ በአባቴ ኮራሁ።

ኻልቲ ሰዕዲያ እጇን በቶቧ ጫፍ እየጠረገች መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ቀረብ አለች፣ መለስ አለች። «ማሻአላህ፣ ያማረ ልጅ ነው» አለች በቀስታ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞራ «የማን ልጅ ነው?» አለችው።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። እውነት ጠፍቷት ነበር የጠየቀችው። አባዬ በዚያ ስብርባሪ ዐረብኛው ሊያስረዳት ሞከረ፣ በእኛ ዘንድ በጎን የሚሣለው ማን እንደሆነ፣ ለምን ሁለቱንም ዓይን እንደሰጠው፤ ቃል ሲጠፋው ወደ እኔ ያያል፣ እኔም ስላፈርኩ ግማሹን ብቻ ነገርኳት። እሷ ግን ሰምታ ጨረሰችና «ያ ረሳም፣ አልተቀየምኩህም» አለችው። «ለሰው ሁሉ ዓይኑን ደበቀ፣ ለእኔ አልደበቀም። ማታ ማታ ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ወደ እኔ ፊት ለፊት ካዞርከው አይቀር፣ እኔ የማውቀውን አድርግልኝ።»

ቀለሙ ደርቋል። የሚጠረግ ነገር የለም፣ ልጦ እንደገና ይጀምር ቢባል ልጆቹ ያመጡት ባልዲ ተሟጧል። አባዬ ጥቂት አሰበና ከባልዲው ጠርዝ የቀረውን ነጭ ፈቅፍቆ፣ ውኃ እስኪመስል አቀጥኖ፣ ጥቁር ነገር ጠብ አደረገበትና በዚያ በጤናው ግራ ዓይን ላይ ስስ አድርጎ አለበሰው። ወዲያው ደረቀ። ደገመው። ኻልቲ ሰዕዲያ ከኋላው ቆማ ትመራው ጀመር፦ «ወደ አፍንጫው በኩል ወፈር ይላል። ከታች ትንሽ ጥቁር ይታያል፣ እሱን አትሸፍነው። ሽፋሽፍቱ ዝቅ ይላል፣ ሲደክመው ይበልጥ ዝቅ ይላል።» እሱም እሺ እያለ፣ በጠርሙሱ ውኃ እየረጨ፣ አንዷን ስስ ቅብ በሌላዋ ላይ እየደረበ ሠራ። የሠራው ጤና ዓይን ከሥር አለ፣ አልጠፋም፣ ስልባቦቱ በላዩ ነው። እውነተኛውም ዓይን እንደዚያው አልነበር? በመጨረሻ ኻልቲ ሰዕዲያ «በቃ» አለች። «ደርቋል?» ብላ ጠየቀች። «ደርቋል» አላት። መዳፏን ጉንጩ ላይ አድርጋ ቆመች፣ አለቀሰች፣ እኛም ሁላችን አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ያለው ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወቅት፣ መጥፎ ነበር። ሰፈራው በጥይት ተበተነ፣ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተዘጋ፣ ለቀናት ከግቢ አልወጣንም። ስንወጣ ወታደሮች የመንገዳችንን ሥዕሎች በሙሉ ኖራ አልብሰዋቸው አገኘን። ኻልቲ ሰዕዲያ መጥበሻዋን ይዛ ለነጩ ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። አባዬ ጠጋ ብሎ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና «ዝናብ ይምጣ» አላት። ያንን ሲላት ባይሆንስ ብዬ ፈርቼለት ነበር። ግን የሙያው ነገር ነው፣ ኖራ እንዲህ ያለ ላስቲክ ላይ አይይዝም፤ ዝናቡ ሁለት ሦስቴ ሲመታው እንደ ቅርፊት ተላጠና ኢድሪስ ከነዓይኑ ወጣ። እማዬ ያን ቀን ከዐማራት ስትመለስ አይታው ኖሮ፣ ቤት ገብታ የመተኮሻ ውኃ ጠርሙሷን ከአባዬ በርጩማ አጠገብ አስቀመጠችለት።

የሽግግሩ ዓመታት በዚያ ግድግዳ ፊት አለፉ። በየብርዱ ወራት አባዬ የተሰነጠቀውን ይጠግናል፣ እሷም ከኋላው ቆማ ታርመዋለች፣ እኔም ቁመቴ አድጎ የኢድሪስ ትከሻ ጋ ደረስኩ። ወታደሮቹ ሥልጣኑን መልሰው ያዙ፣ ሰልፉ እንደገና መጣ፣ ግድግዳው ላይ ፊት ተጨመረ። በኋላ ወታደሮቹ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ከተማው በሰማይ በምድር ተቃጠለ። እኛ በገዳሪፍ አድርገን በመተማ ወጣን። አባዬ ካንዲት የብሩሽ ጥቅል በቀር የያዘው አልነበረም። ከቡሪ የቀረ ሰው እንደሌለ ሰማን፣ ግድግዳው ስለመቆሙ ግን የሚነግረን አላገኘንም።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ በማናውቀው ቁጥር ተደወለ። ኻልቲ ሰዕዲያ ነበረች፣ ፖርት ሱዳን እህቷ ዘንድ። እንደ አገሯ ወግ ሁላችንንም በየስማችን እየጠራች፣ ጤናችንን፣ እንቅልፋችንን፣ የጎንደርን አየር ሳይቀር ጠየቀች። ስልኳን መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከነፎቶው ወስደውባታል። ከዚያ ረሳምን ስጡኝ አለች፣ እኔም ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ያ ረሳም» አለች፣ «ኢድሪስ ሌሊት በሕልሜ መጣ። ሁለቱም ዓይኖቹ ጤና ነበሩ። ስነሳ የታመመው የትኛው እንደነበር ጠፋብኝ። አልያዝ አለኝ። ሳምንት ሙሉ አስባለሁ። የትኛው ነበር?»

እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባዬ ቀኝ እጁን ወደ አየር አንስቶ ጣቶቹን ሰበሰበ፣ ብሩሽ እንደያዘ ሰው፣ እጁ ራሱ ወደሚሄድበት ሄደ። «ግራው ነው፣ ኻልቲ» አላት። «የራሱ ግራ። ወደ አፍንጫው በኩል ወፈር ይላል። ከታች ትንሽ ጥቁር ይታያል፣ እሱን አልሸፈንኩትም።»

«ሽፋሽፍቱስ?»

«ዝቅ ይላል። ሲደክመው ይበልጥ ዝቅ ይላል።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ያኔ ቡሪ ውስጥ ግድግዳውም ቀለሙም ልጆቹም ነበሩ፣ እሷ ከኋላው ቆማ ትነግረው ነበር፣ እሱም ይሥላል። አሁን አባዬ ጎንደር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የኢድሪስን ፊት ከግንባሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ይነግራታል፣ እሷም እዚያ ማዶ ትሰማዋለች።